መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ

የዛሬዋ የጅቡቲ ከተማ የተመሠረተችበት ምድር በ1870 ዓ.ም. ከባሕሩ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚታይ፣ ዛፍና ጥላ የሌለበት የኮራል ድንጋይ ሜዳ ነበር። ወደብም ሆነ ቤት አልነበረበትም። በዚያ ዘመን ከባሕር ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚሄድ መንገደኛ ከመርከብ የሚወርደው በታጁራ ወይም በዘይላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀውን በረሓ ከግመል ቅፍለት ጋር ማቋረጥ ግዴታው ነበር። ይህን መንገድ ካቋረጡት የውጭ አገር ሰዎች መካከል አንዱ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤት በመሥራት የጀመሩት አገልግሎት፣ ከጅቡቲ የሚነሣውን የምድር ባቡር እስከ ማስጀመር አደረሳቸው።

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው መጀመሪያ የእጅ ሙያ ከተማሩ በኋላ በዙሪክ ከተማ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ገብተው ምሕንድስና አጠኑ። ብረት በእጁ የቀጠቀጠ ሰው የምሕንድስና ስሌት ሲማር ዕውቀቱ የተሟላ ይሆናል፤ ኢልግም ኋላ መጋዝና ምስማር እንኳ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሊሠሩ የቻሉት ሁለቱንም ይዘው በመምጣታቸው ነው።

በዚያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው ለማስገባት ብርቱ ፍላጎት ስለ ነበራቸው፣ በዓደን ወደብ ይነግድ በነበረ አንድ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል መሐንዲስ እንዲፈለግላቸው ጠየቁ። ጥሪውን የተቀበሉት ኢልግ ነበሩ። ሁለት የእጅ ሙያተኞች አስከትለው በ1870 ዓ.ም. ከአገራቸው ተነሡ። በዘይላ ብዙ ቀን ከተጉላሉ በኋላ በረሓውን አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ይህ ጉዞ ለወጣቱ መሐንዲስ ትልቅ ትምህርት ነበር። ግመል የሚሸከመው በጎንና በጎኑ የተመጣጠነ ጭነት ነው፤ ረጅም የብረት ወጋግራ ወይም አንድ ወጥ የሆነ ከባድ መኪና ሊጫንበት አይችልም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በግመል ጭነት ልክ ተከፋፍሎ መታሸግ ነበረበት። ከበረሓው በኋላ ደግሞ አቀበቱ ይመጣል፤ በዚያም ጭነቱ ወደ በቅሎና ወደ ሰው ትከሻ ይተላለፋል። በመስተዋት የተሞላ ሣጥን አንድ ጊዜ ቢወድቅ የወራት ድካም ከንቱ ይሆናል። በሸዋ ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ዕቅዱን ከማውጣቱ በፊት ምን ያህሉን ከአገሩ አፈርና ደን እንደሚያገኝ፣ ምን ያህሉን ከባሕር ዳር እንደሚያስመጣ ማስላት ነበረበት።

ኢልግ አንኮበር እንደ ደረሱ የታዘዙት ግን ቤት እንዲሠሩ አልነበረም። ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩላቸው፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩላቸው እንዳዘዟቸው ይነገራል። መሐንዲስነትና ጫማ ሰፊነት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ለማስረዳት መሞከሩ ፍሬ ያለው አልነበረም፤ ኢልግም የታዘዙትን ሠርተው አቀረቡ። ንጉሡ በዚህ መንገድ ሰውየውን እንደ ፈተኗቸው መገመት ይቻላል። የአገሩን ቋንቋ በሚገባ ማወቃቸውና ለትእዛዝ መታገሣቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ የንጉሡን እምነት አተረፈላቸው።

በዚያ ዘመን በሸዋ ቤት የሚሠራበት ዘዴ ከጥንት የወረደ ነበር። በክብ በተቈፈረ ቦይ ውስጥ እንጨት ጎን ለጎን ይተከላል፤ በእርሱ ላይ ማገር በልጥ ወይም በጠፍር ይታሰራል፤ ግድግዳው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ምሰሶ መካከል ቆሞ ጣሪያውን ይሸከማል፤ ጣሪያውም ሳር ይከደናል። ይህ ቤት የክረምቱን ዝናብ ይመልሳል፣ የደጋውን ብርድ ይከለክላል፣ በጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከቦታ ወደ ቦታ ለሚዘዋወር የንጉሥ ሰፈርም የተስማማ ነበር። ሆኖም ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል። አንደኛው፣ የቤቱ ስፋት ምሰሶው በሚሸከመው መጠን የተወሰነ ስለ ሆነ እጅግ ብዙ ሰው ሊያስተናግድ አለመቻሉ ነው። ሁለተኛውና የከፋው እሳት ነው። በቤቱ መካከል በሚነደው ምድጃና በሳሩ ክዳን መካከል ያለው ርቀት ትንሽ በመሆኑ፣ አንድ ፍንጣሪ ሰፈር ሙሉ ሊያጠፋ ይችል ነበር።

ምኒልክ በ1870ዎቹ ከአንኮበር ለቀው በእንጦጦ ተራራ ላይ ሲሰፍሩ ኢልግ አብረዋቸው ነበሩ። በእንጦጦ የተሠራው ቤተ መንግሥት በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ በኖራ የተቀባና ሳር የተከደነ ነበር። ኢልግ በዚያን ጊዜ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ነው። ለድልድዩ የሚያስፈልገው ወጋግራ ከሩቅ ደን ተቈርጦ በሰው ትከሻ ስለ መጣ፣ ከአሠራሩ ይልቅ ማጓጓዙ ከባድ ሥራ እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

እንጦጦ ከፍታው ለጥበቃ ቢመችም ነፋስና ብርድ የበዛበት፣ ማገዶና ውኃ የራቀበት ቦታ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ሰፈር ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ፣ ከፍል ውኃው በላይ በሚገኘው ኮረብታ ላይ ተከተመ። ነገር ግን በ1884 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ኮረብታ ላይ ከተሠሩት የቤተ መንግሥት ቤቶች አብዛኞቹን እሳት አጠፋቸው። ምኒልክ ከሦስት ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥት ሆነው ነግሠው ስለ ነበር፣ የሚተካው ቤት ከድሮው የተለየ እንዲሆን ፈለጉ። የሥራው መሪም አልፍሬድ ኢልግ ሆኑ።

ከእሳቱ በኋላ ከተሠሩት ቤቶች ዋናው የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ የሆነው እልፍኝ ነው። እልፍኙ እንደ ጎጆ ክብ ሳይሆን በማዕዘን የቆመ፣ ፎቅ ያለው፣ በዙሪያውም ሰገነት የተሠራለት ቤት ሆነ። ግድግዳው በነጭ ኖራ ተለሰነ፤ ጣሪያው ቀይ ነበር። የበሩ፣ የመስኮቱና የሰገነቱ እንጨት በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ደምቆ ነበር። ከእልፍኙ ጋር የተያያዘው ማማ መሰል ቤት እንቁላል ቤት ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከእርሱ ላይ ሆነው በመነጽር ከተማውን ይመለከቱ ነበር። ከታች ያለ ሠራተኛ ከላይ የሚያየው እንዳለ ማወቁ ለሥራው ትጋት ሳይጨምርለት አልቀረም።

ይህን ቤት የአውሮፓ ቤት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሰገነቱና እንጨት ቅርጹ በሕንድና በዐረብ ወደቦች ከሚታዩት ቤቶች ጋር ይዛመዳል፤ ምክንያቱም በአናጢነትና በግንበኝነት ከሠሩት መካከል ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩበት። ከእነርሱም ጋር አርመኖችና ግሪኮች ሠርተዋል። የክፍሎቹ አደላደል ግን የኢትዮጵያን የቤተ መንግሥት ሥርዓት የተከተለ ነው። ንጉሡ የሚያድሩበት እልፍኝ፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ጸሎት ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሁሉም በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ እየራሳቸው የቆሙ ናቸው። በአውሮፓ ታላላቅ ቤቶች እነዚህ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር በመስመር ተደርድረው፣ ግራው ከቀኙ ጋር እኩል ሆኖ ይሠራሉ። ኢልግ ይህን የአገራቸውን ልማድ በግድ ለመትከል አለመሞከራቸው የማስተዋላቸው ምልክት ነው። ድንጋዩንና ጥዱን ተሸክሞ ያመጣው ወታደርና ገባር ግን ስሙ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

ቤቱ ከቆመ በኋላ የውኃው ጉዳይ ተነሣ። ኮረብታው ላይ ምንጭ ስላልነበረ ለግቢው የሚያስፈልገው ውኃ በእንስራ ይቀዳ ነበር። ኢልግ በእንጦጦ ግርጌ ከሚገኝ ምንጭ ውኃውን በቧንቧ ጠልፈው ወደ ቤተ መንግሥቱ ለማምጣት ዐሰቡ። ምንጩና ቤተ መንግሥቱ መካከል ግን ሸለቆ አለ። ውኃ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ተመልሶ ኮረብታ ይወጣል ቢባል የሚያምን ሰው አልነበረም። የነገሩ ምሥጢር በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ከመነሻው ከፍታ እስካላለፈ ድረስ ተመልሶ ይወጣል፤ ምንጩም ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከፍ ያለ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ውኃው ሸለቆውን ተሻግሮ በግቢው ውስጥ በፈሰሰ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ተደነቀ፤ ግጥምም ተገጠመለት። ለአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ታሪክ መነሻው ይህ ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ ታላቁ የግብር አዳራሽ ተሠራ። አዳራሹ ጎን ለጎን የተያያዙ ሦስት ጣሪያዎች ያሉት ሲሆን በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ያስተናግዳል። አንዱ ጣሪያ ብቻውን ያን ያህል ስፋት ሊሸፍን ስለማይችል፣ ሦስቱ በመካከላቸው በቆሙት ምሰሶዎች ላይ እየተደገፉ ሸክሙን ይካፈላሉ። የጎጆው ጉድለት የነበረው የስፋት ችግር በዚህ ዘዴ ተፈታ። በ1889 ዓ.ም. ከፈረንሣይ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎችም መንግሥታት ተከታትለው ለመጡት መልእክተኞች የቤተ መንግሥቱ ግርማ ራሱን የቻለ ንግግር ነበር።

ኢልግ በዚሁ ዓመት የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በፊትም በፓሪስ የተሠሩት የምኒልክ ገንዘቦችና የፖስታ ቴምብሮች በእርሳቸው አማካይነት የተገኙ ናቸው። ከውጭ መንግሥታት ጋር በሚደረጉ ድርድሮች አስተርጓሚና መካሪ ሆነው ይቀርቡ ነበር። ይሁንና ከሥራዎቻቸው ሁሉ የበለጠውን ድካም፣ የበለጠውንም ኀዘን ያመጣባቸው የባቡሩ ሐዲድ ነው።

ቤት ሲሠሩ በነበሩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ምስማር ከባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ ወራት መጠበቅ ኢልግን ሲያስቸግራቸው ኖሯል። ስለዚህ ከባሕር እስከ ሸዋ የባቡር መንገድ እንዲዘረጋ ዘወትር ይመክሩ ነበር። ምኒልክም ሐሳቡን ተቀብለው በ1886 ዓ.ም. ለ99 ዓመት የሚጸና የሥራ ፈቃድ ሰጧቸው። በፈቃዱ መሠረት መንገዱ ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነው። ኢልግ ከፈረንሣዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆነው በ1888 ዓ.ም. በፓሪስ ኩባንያ አቋቋሙ።

ጅቡቲ በዚያን ጊዜ ገና ጨቅላ ከተማ ነበረች። ፈረንሣዮች ሥፍራውን የያዙት በ1880 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከስምንት ዓመት በኋላ የግዛታቸውን መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚያ አዛውረዋል። በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ ሆና ታወቀች። በከተማዋ የተሠሩት ቤቶች አዲስ አበባ ካሉት ፍጹም የተለዩ ነበሩ። እንጨት ስለሌለ ግድግዳው የሚገነባው ከባሕሩ ዳር ከሚፈለጠው የኮራል ድንጋይ ነው። ግድግዳው ወፍራም ይሆናል፤ ፀሐይን እንዲመልስ በነጭ ኖራ ይቀባል፤ ጣሪያውም ዝናብ ብርቅ ስለ ሆነ ጠፍጣፋ ነው። ከፊት ለፊቱ በቅስት የተሠራ በረንዳ ይደረግለታል፤ መንገደኛም ሆነ ነጋዴ በጥላው ሥር ይሄዳል። በደጋ አገር ቤት የሚሠራው ብርድና ዝናብን ለመከላከል ሲሆን፣ በጅቡቲ የሚሠራው ሙቀትን ለመከላከል ነው። ከከተማዋ አደባባዮች ዋናው ለብዙ ዘመን በምኒልክ ስም ሲጠራ መኖሩ፣ ከተማዋ ያደገችው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ያመለክታል።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ ተነሣ። ሙቀቱና የውኃው እጥረት ብዙ ሰው ጎዳ። ሐዲዱ የሚያልፍበት ምድር የኢሳና የአፋር ከብት አርቢዎች መሰማሪያ ስለ ነበር ግጭት ተነሥቶ ሠራተኞች ተገደሉ። እንጨት ምስጥ ስለሚበላው ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው ብረት ሆነ። የሆልሆልን ሸለቆ ለመሻገር ከፍ ያለ የብረት ድልድይ ተሠራ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት እንደማይችል ስለ ታወቀ፣ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በተራራው ግርጌ ቆመ። በዚያም ድሬዳዋ ተቈረቈረች።

ሐዲዱ ድሬዳዋ በደረሰበት ጊዜ ግን ችግሩ የድንጋይና የብረት መሆኑ ቀርቶ የገንዘብና የሥልጣን ሆኖ ነበር። ኩባንያው ገንዘቡ አልቆበት ብድር ሲፈልግ የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ገቡበት። ይህን ለመከላከል የፈረንሣይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጥ ተስማማ፤ በምትኩም የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለአንድ የግል ኩባንያ እንጂ ለውጭ መንግሥት አልነበረም። በዐድዋ በደም የተከበረው ነጻነት በሐዲድ ውል በኩል እንዳይሸረሸር ስለ ሠጉ፣ ሥራው ከድሬዳዋ አልፎ እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ለሐዲዱ ድሬዳዋ መድረስ በተዘጋጀው በዓልም ላይ አልተገኙም።

ኢልግ በዚህ ጊዜ በሁለት እሳት መካከል ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እንደ መሆናቸው የኢትዮጵያን ጥቅም መጠበቅ ነበረባቸው፤ የፈቃዱ ባለቤት የነበሩትም ራሳቸው ናቸው። ውሉ የእርሳቸውን ሐሳብ ያልተከተለ ቢሆንም፣ ስማቸው ከጉዳዩ ጋር ተያይዞ ስለ ነበር ተሰሚነታቸው እየቀነሰ ሄደ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ፤ የባቡሩም ጉዳይ በውሉ ውስጥ ተካተተ። ኢልግ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ በዚሁ ጊዜ ገደማ ሥራቸውን ለቀው ወደ ስዊስ ተመለሱ። ኩባንያውም ብዙ ሳይቈይ ከሰረ።

የቀረው የሐዲድ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ ተሰጠ። ምኒልክ ለረጅም ጊዜ ታመው በ1906 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሲያርፉ ሐዲዱ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር። አልፍሬድ ኢልግም በ1908 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ በዙሪክ ከተማ በ61 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። ሐዲዱ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡን ያፈለቁት መሐንዲስም፣ የፈቀዱት ንጉሠ ነገሥትም የመጀመሪያውን ባቡር አላዩም።

ኢልግ በኢትዮጵያ ሳሉ ያነሷቸው ፎቶግራፎችና የሰበሰቧቸው ዕቃዎች በዙሪክ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከጅቡቲ የተዘረጋው አሮጌ ሐዲድ ለመቶ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ሥራውን አቁሞ፣ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሌላ ባቡር ተተክቷል። በኮረብታው ላይ የቆሙት እልፍኝ፣ እንቁላል ቤትና ሦስት ጣሪያ ያለው አዳራሽ ለብዙ ዘመን ለሕዝብ ተዘግተው ኖረው፣ ከታደሱ በኋላ በ2012 ዓ.ም. መስከረም በሩ ለጎብኚ ተከፈተ።